ከላይብረሪው ጎን ትንሽ ቦታ ስለመለመን፦ ለታማራክ ሊኑክስ የጥቅል ደንብ ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ሌላንድ ፕሩዶም፣ የታማራክ ሊኑክስ የጥቅል ደንብ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ እንዲሁም ለክቡራንና ክቡራት የኮሚቴው አባላት በሙሉ፤

ይህች ደብዳቤ ስትደርሳችሁ ቤታችሁ ሙቅ፣ መብራታችሁ የማይቆራረጥ፣ ኔትወርካችሁም እንደ ልባችሁ የሚታዘዝ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኘው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ደንቦቻችሁን ደጋግሜ ሳነብ ኔትወርክ ጠፍቶባቸው በማያውቁ ሰዎች እንደተጻፉ ስለተረዳሁ፣ ያ መልካም ዕድል ከእናንተ እንዳይለይ ስለምሻም ጭምር ነው።

አይላ ኮርፔላ እባላለሁ። በሱፔሪየር ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ባለችው በከርቢ ሃርበር፣ በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ኮምፒውተሮቹን የምጠብቅ ሴት ነኝ። ሰርቨሮቻችን የሚሠሩት በእናንተው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በታማራክ ነው፤ ለዓመታት ስንጠቀምበት አንዳች ክፍያ ጠይቃችሁን አታውቁም። ስለዚህ ምስጋናዬ እውነተኛ ነው። ከዚህ በታች የሚመጣውን ምስጋና ግን እንደ አመቻችሁ ትወስዱት ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በመጪው ስብሰባችሁ ለስህተት ፍለጋ የሚያግዙት ረዳት ፋይሎች የት ይቀመጡ የሚለውን ለመጨረሻ ጊዜ እንደምትወስኑ ሰማሁ። ከሰማሁ ጀምሮ እፈራለሁ። ደብዳቤውን የምጽፈውም በፍርሃት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ቃሌ ሻካራ ቢሆን በዚህ ይታለፍልኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሙያችሁን የማያውቅ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል፣ የክርክሩን ነገር ባጭሩ ልበል። አንድ ፕሮግራም ብዙ ነገሮችን፣ ለምሳሌ ተራ የሚጠብቁ የአምቡላንስ ጥሪዎችን፣ በሚሞሪ ሲይዝ በአንድ ረድፍ አይደረድራቸውም። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ በትኖ፣ እያንዳንዱ የሚቀጥለውን በቁጥር እንዲጠቁም ያደርጋል። ይህን አበታተን የሚያውቀው ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁለት የፕሮግራም ክፍል ነው። ፕሮግራሙ ሲበላሽ እኛ ጠጋኞቹ በዲበገር፣ ማለትም በስህተት መፈለጊያው፣ ወደ ውስጥ እንመለከታለን። ዲበገሩ ደግሞ በራሱ የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ የላይብረሪው ሠሪዎች አንዲት ትንሽ ረዳት ፋይል ይጽፉለታል፤ «ይህ የቁጥር ክምር የጥሪዎች ሰልፍ ነው፣ መጀመሪያው ይህ፣ ቀጣዩ ያ» ብላ ታስተምረዋለች። መጠኗ ሰው በስልኩ ከሚያነሳው ከአንድ የድመት ፎቶግራፍ ታንሳለች። ይህቺን ፋይል ከየትኛው ጥቅል፣ ማለትም አብሮ ከሚጫን የፋይሎች ስብስብ፣ ውስጥ እንክተት በሚለው ላይ ኮሚቴው ከሦስት ክረምት በላይ ሲወያይ ቆይቷል። ለትጋታችሁ ምስጋና ይድረሳችሁ።

ቅሬታዎቼም እነሆ።

አንደኛ፦ ፋይሏ ዱሮ ከላይብረሪው ጋር በአንድ ጥቅል ነበረች፤ ላይብረሪው ባለበት እሷም አለች። ከዚያ አንድ የተከበሩ አባል፣ ተራ ተጠቃሚ የማይነካው ነገር በተራ ተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ መቀመጡ ሥርዓት አይደለም አሉ፤ ፋይሏም ፕሮግራም ወደሚሠሩ ሰዎች ጥቅል ተዛወረች። በዓመቱ ደግሞ ሌላ የተከበሩ አባል፣ ስህተት የሚፈልግ ሁሉ ፕሮግራም ሠሪ አይደለም ሲሉ፣ ያውም በትክክል ሲሉ፣ ለስህተት ፍለጋ ብቻ ወደተለየውና ማንም አስቀድሞ ወደማይጭነው ግዙፍ ጥቅል ተላከች። ማንም እንደማይፈልጋት አማት ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ስትገባ አየናት። አሁን ደግሞ የምትወያዩበት ሐሳብ በየትኛውም ጥቅል አትግባ፤ ያስፈለገው ሰው ባስፈለገው ሰዓት ዲበገሩ ራሱ ከኔትወርክ ይጥራላት የሚል ነው። ለዚህ ንጹሕ ሐሳብ ያለኝን አድናቆት ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ውይይታችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ፍትሐዊ ልሁንና፣ ሞኝ ነገር የተናገረ የለም። ሁለት የላይብረሪው ዕትሞች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ሁለቱ ረዳት ፋይሎች በስም ይጋጫሉ የተባለው እውነት ነው። ለእሷ ሲባል ሌላ ፕሮግራም አብሮ እንዳይጫን መጠንቀቅ ይገባል የተባለውም እውነት ነው። ሁላችሁም ግን «የማን ናት?» ብላችሁ ተከራከራችሁ። «መቼ ትፈለጋለች?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ካመለጠኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በጣም ረጅም ነበር።

ሦስተኛውን ቅሬታ እንደ ሁለቱ አሳጥሬ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ያ ሲወርድ ውሃ ሲያርፍ መስታወት የሚሆነው ዝናብ ጀመረን። ወዲያው ጥዶቹ በሽቦ ላይ መውደቅ ያዙ። መብራት ሄደ፤ ጄነሬተራችን ተነሳ። ከውጭ ዓለም ጋር የሚያገናኘን የኔትወርክ መስመር ተበጠሰ። የስልክ መስመሮቹ ግን አንዳንዶቹ ይሠሩ ስለነበር ጥሪ በጥሪ ላይ ይመጣ ነበር።

ከጥሪ ተቀባዮቻችን አንዷ ኮሌት ባራዝ ናት፤ ሰው ሲጮህባት ድምፅዋ የሚለሰልስ ሴት። የአንዲት ሴት ጥሪ ደረሳት።

«ባሌ ከጣሪያ ወደቀ» አለቻት ሴትየዋ። «በረዶውን ሊያራግፍ ወጥቶ። ከጆሮው ደም ይፈሳል።»

«ይተነፍሳል?» አለች ኮሌት።

«ይተነፍሳል። ግን አያየኝም። ዓይኑ ተከፍቶ አያየኝም።»

የደዋዩን አድራሻ ፕሮግራሙ ከስልኩ መስመር በራሱ ይሞላል፤ ጥሪ ተቀባይ ሰውየውን እንጂ አድራሻውን እንድታስብ አናደርጋትም። ኮሌት ጥሪውን ወደ ሰልፉ ለማስገባት ቁልፉን በተጫነችበት ቅጽበት ፕሮግራሙ ወደቀ፤ ስክሪኗ ደረቀ። ሴትየዋን አድራሻዋን ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት መስመሩም ተቋረጠ።

የፈረቃው ኃላፊ ዱዌን ኬሺክ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳው። የጥሪዎቹ ሰሌዳ ስክሪኑ ላይ ተመለሰ። በየመንገዱ ያሉት አምቡላንሶች አሉ። ቀደም ብለው የገቡት ጥሪዎች አሉ። ኮሌት ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው፣ ደግማ አየችው፣ ከዚያ ወደ ዱዌን ዞራ፣

«የእኔ ሴትዮ የለችም» አለች።

የድምፅ ቅጂውን ደጋግመን ሰማነው። ጣሪያ፣ ጆሮ፣ ደም፣ ዓይን። የቦታ ስም አንድም የለም። ተመልሳ ትደውላለች ብለን ጠበቅን፤ መስመሯ ግን ሞቷል። ዱዌን ወደ ስልክ ኩባንያው ደወለ፤ ጥሪው ለኩባንያው በጣም ውድ እንደሆነ የሚገልጽ ድምፅ ካሰሙት በኋላ ሙዚቃ ከፈቱለት። ጋራዡ ውስጥ የቀረችን አንድ አምቡላንስ ነበረች። ነጂዋ ሮክሳን በሬዲዮ፣

«ሞተሩ ተነስቷል። ወዴት ነው የምንነዳው?» አለች።

«ቆዪ» አላት ዱዌን።

«ዱዌን፣ መንገዱ በየደቂቃው እየባሰ ነው። ወዴት?»

«ቆዪ አልኩሽ እኮ።»

ከከተማችን የሚወጡ መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ረጅም፣ ሦስቱም ወደተለያየ አቅጣጫ። የተሳሳተውን ይዞ ሄዶ መመለስ በዚያ ቀን የሚታሰብ አልነበረም።

ያቺ አድራሻ ግን አንድ ቦታ ነበረች። ፕሮግራም ሲወድቅ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት በሚሞሪው የነበረውን ሁሉ እንዳለ ገልብጦ ያስቀምጣል። እኛ በቤታችን ሬሳ እንለዋለን። አድራሻዋ ከሬሳው ውስጥ ናት። ዱዌን ከኋላዬ መጥቶ ቆመና «ታወጪዋለሽ?» ሲለኝ፣ አዎ አልኩት፤ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አውጥቻለሁ። የራሳችን ፕሮግራም ንድፍ በእጄ ነው፤ ዲበገሩ አለ፤ ሰልፉን አሳየኝ ማለት ብቻ ነው የሚቀረኝ።

አሳየኝ አልኩት። የቁጥር ጎርፍ አወጣልኝ። በሰው ቋንቋ የተጻፈች አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ ረዳት ፋይሏ ወደ ሌላ ጥቅል መዛወሯንና ጥቅሉን ከኔትወርክ ማውረድ እንደምችል በትሕትና የምትገልጽ። ጨዋ መልእክት ነበር። ማን እንደጻፈው ባውቅ ስሙን ጠርቼ አመሰግነው ነበር።

በመጸው ሥርዓታችንን ስናድስ የእናንተን የማደሻ ማስታወቂያ አንብቤው ነበር። የፋይሏ መዛወር ከታች፣ ስለ ስክሪን መጠበቂያ ሥዕሎች ከሚያትተው ክፍል ቀጥሎ ነው ያለው። አስቀድማችሁ ልትጭኑት ይገባ ነበር ትሉ እንደሆን፣ አዎ። ዛሬ ተጭኗል። የዚያን ቀን አልነበረም።

መጀመሪያ ከሬሳው ውስጥ በፊደል የተጻፈውን ሁሉ ጨምቄ አወጣሁ። የአድራሻ ካርታችን እንዳለ በሚሞሪ ስለሚቀመጥ የወረዳችን መንገድና ቤት ሁሉ ወጣ፤ የሞቱ ሰዎች ቤት፣ የራሴ ቤት፣ የእናቴ ቤት። ከእነዚያ ሁሉ በአንዱ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ዓይኑ ተከፍቶ ተኝቷል። ስክሪኑ ሲንሸራተት አየሁትና ዘጋሁት።

የቀረኝ በእጅ መሄድ ነበር፤ ከአንዱ ቁጥር ወደሚጠቁመው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ሰው ሲፈራ ልቡ ይመታል ይላሉ። የእኔ ልብ ጸጥ ነው ያለው፤ የከዱኝ ዓይኖቼ ናቸው። ስድስትና ስምንት መለየት አቃተኝ። ዱዌን አየኝና ወረቀት ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንቺ ቁጥሩን ጥሪልኝ፤ እኔ እጽፋለሁ፤ መልሼ አነብልሻለሁ» አለኝ። «ቀስ በይ።»

«ቀስ የምልበት ጊዜ የለም።»

«ተሳስተሽ እንደገና የምትጀምሪበትስ ጊዜ አለ?»

ጠራሁለት። ጻፈ። አነበበልኝ። ደቂቃው ይሄዳል። በመጨረሻ ከሰልፉ ጫፍ ደረስኩ፤ ሄሮን ክሪክ መንገድ የሚል ወጣ። ዱዌን ሬዲዮውን ጨበጠ።

ኮሌት ከወንበሯ ዞረች። «ቆይ ቆይ። የምን ሄሮን ክሪክ? እሱ የጠዋቱ ነው። እጃቸው የተሰበረው አሮጊት። እኔው ነኝ የላክሁላቸው፤ ሆስፒታል ገብተዋል።»

በአዲሱ ዕትም የላይብረሪው አበታተን በጥቂቱ ተለውጧል። እኔ የምሄደው በአሮጌው ነበር፤ አንድ እርምጃ አዛንፌ፣ ያለቀለትን ጥሪ ትራፊ እያነበብኩ። ረዳት ፋይሏ ይህን ታውቅ ነበር፤ ከዚህ በቀር ሌላ የምታውቀው ነገርም የላት። ኮሌት በዚያች ሰዓት በሌላ ጥሪ ተይዛ ቢሆን ኖሮ፣ የመጨረሻዋን አምቡላንስ ማንም ወደሌለበት ቤት በማያስመልስ መንገድ ልኬያት ነበር። ዱዌን እጁን ከሬዲዮው ላይ አነሳ። አዲስ ወረቀት ሳበ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንደገና» አለ።

እንደገና ጀመርን። በዚህኛው መጀመሪያ የማውቀውን አንድ የቆየ ጥሪ ፈልጌ የአዲሱን እርምጃ ስፋት ለካሁበት፤ ከዚያ በእሱ ሄድኩ። ፓይክ ናሮውስ መንገድ፣ የመጨረሻው ቤት። የገባበት ሰዓት ኮሌት ቁልፉን ከተጫነችበት ሰዓት ጋር ገጠመ። ዱዌን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ። ከዚያ ለሮክሳን ነገራት፤ የሞተሩን ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰማነው።

ከጥሪው እስከዚያ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ትክክለኛው በኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ እኔ አላየሁትም፤ ለማየትም አቅሙ የለኝም።

ሮክሳን ስትደርስ ሰውየው በሕይወት ነበረ። ዋርነር ፔትኮፍ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጀልባ ሠሪ። ሚስቱ ኢርማ ልታነሳው ስላልቻለች የቤቱን ምንጣፍ ሁሉ አውጥታ ደርባበት፣ ራሷም ከላይ ተኝታበት ነበር። በጥር ወደ ቤቱ ተመለሰ። በከዘራ ይሄዳል፤ ይበላል፤ ይስቃል። የሚስቱ ስም ግን ጠፍቶበታል፤ ይፈልገውና ሲያጣው «አንቺዬ» ይላታል። ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ይለወጥ ነበር ወይ ብለን ሐኪሞቹን ጠየቅናቸው። እነሱም እንደ እናንተው ጠንቃቃ ሰዎች ናቸውና፣ ማረጋገጥ አይቻልም አሉ።

እንግዲህ ለአዲሱ ሐሳባችሁ ያለኝ አድናቆት እዚህ ላይ ነው። ፋይሏ ከኔትወርክ ብቻ ትምጣ ትላላችሁ። እኔ ዛሬ ግዙፉን ጥቅል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ጭኛለሁ፤ እሱን ስታነሱት ግን የምጭነው አይኖረኝም። በእጄ ገልብጬ ላስቀምጣት ብል፣ ላይብረሪው በታደሰ ቁጥር እሷ ታረጃለች፤ ያረጀች ረዳት ደግሞ ከሌለችው ትብሳለች፣ በሙሉ ልብ ትዋሻለችና። ወደ ሄሮን ክሪክ የምትልክ ረዳት አልፈልግም። የምለምነው ከላይብረሪው ጋር በአንድ ጥቅል እንድትገባ፣ ሲታደስ እንድትታደስ፣ ሲነሳም አብራ እንድትነሳ ነው። የስሞቹን ግጭት በተመለከተ፣ ሁለቱን ፋይሎች በየላይብረሪያቸው የዕትም ቁጥር መሰየም እንደሚቻል ለእናንተ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

እንደ እኛ ያሉ ማዕከሎች በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ብዙ ናቸው። ብዙዎቹ ታማራክን ይጠቀማሉ። ፋይሏ የት እንዳለች የሚያውቁ አይመስለኝም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ስለነሱ አስባለሁ።

በየካቲት ኢርማ ፔትኮፍ ወደ ማዕከላችን መጣች፤ የጋገረችውን የቅቤ ታርት ኬክ ይዛ፣ ልታመሰግነን። ይህን እንድጽፍም ፈቅዳልኛለች። ኮሌትን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣

«የዘገዩት በመንገዱ ነው አይደል?» አለችኝ። «በረዶው ነው።»

ዱዌን አየኝ። አዎ ብላት ማንም አይታዘበኝም ነበር።

«መንገዱም አለበት» አልኳት። «አድራሻዎን ለማውጣት ግን አንዲት ፋይል ያስፈልገን ነበር፤ በእጃችን አልነበረችም።»

«ጠፍታ ነው?»

«አልጠፋችም። ቦታዋ ላይ ነበረች።»

እንዳልተቆጣች ፊቷን አይቼ አውቃለሁ፤ ነገሩ እንዲገባት ፈልጋ ብቻ ነው የጠየቀችው።

«እኔ ቤት መድኃኒቱ የሚቀመጠው ከዋርነር አልጋ አጠገብ ነው» አለች። «እዚያ ያስቀመጧት ሰዎች የታመመው የት እንደሚተኛ አያውቁም ነበር?»

ጥያቄው ለእኔ ስላልሆነ እነሆ ለባለቤቶቹ አድርሻለሁ።

የኮሚቴውን ውድ ጊዜ ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ውሳኔያችሁ እንደ ወትሮው በሳል፣ እንደ ወትሮው የተብራራ፣ ምነው ለአንድ ጊዜ እንኳ አጭር እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ስማችሁን በአክብሮት፣ ሰማዩን ደግሞ በሥጋት እየተመለከትኩ እሰናበታለሁ።

የደንባችሁ ታዛዥ፣
አይላ ኮርፔላ
ከከርቢ ሃርበር

ማሳሰቢያ፦ አባላቱ ይህን ያህል ዘመን የተከራከሩባትን ፋይል በዓይናቸው አይተዋት ላያውቁ ይችላሉ በሚል ግምት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችሁ ነበር። የኮሚቴው የመልእክት ሰርቨር ደብዳቤውን ተቀብሎ ፋይሏን አስቀርቷታል፤ ለዚህ ዓይነት ፋይል የተመደበ ቦታ የለኝም ይላል። ከእናንተ መካከል በዚህ ጉዳይ አቋሙ የታወቀ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ድምፅ ስትሰጡ እንዳትረሱት አደራ እላለሁ።